«ከወሰን በታች» ሲባል ምን ማለት ነው? ስለ መጠጥ ውሃና ሆርሞን አዛቢ ኬሚካሎች የአንባቢዎች ጥያቄ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ ናቸው። የሰውነትን የሆርሞን ሥርዓት የሚያዛቡ ኬሚካሎች በቤት መጠጥ ውሃ ውስጥ ቢገኙ፣ እስከ ስንት ድረስ ነው «ችግር የለውም» የሚባለው? ጥያቄዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ስለ መለኪያው አንድ ነገር እናስቀድም። አንድ ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው፤ አንድ ማይክሮግራም ደግሞ 1,000 ናኖግራም። በአንድ ሊትር አንድ ናኖግራም ማለት አንዲት ጠብታ በ20 የኦሊምፒክ መዋኛ ገንዳ ውሃ ውስጥ እንደ ማንጠብጠብ ነው። ማይክሮና ናኖ ከተምታቱ ስሕተቱ ሺህ እጥፍ ስለሆነ ከዚህ በታች ያለውን ቁጥር ሁሉ ከነመለኪያው ያንብቡ።

ጥያቄ፦ አትራዚን ስለተባለው ፀረ አረም ሳነብ የዓለም ጤና ድርጅት 100 ማይክሮግራም በሊትር፣ አሜሪካ 3፣ የአውሮፓ ኅብረት 0.1 ብለው መወሰናቸውን አየሁ። የሰው ገላ በየአገሩ ይለያያል እንዴ? ትክክለኛው የቱ ነው?

ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የመለሱት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር የመጣው ከመርዛማነት ስሌት ነው። አትራዚን በአይጦች ላይ ሲጠና ስሌቱ የተመሠረተበት ጉዳት ራሱ የሆርሞን ጉዳት ነበር፤ እንቁላል እንዲለቀቅ ምልክት የሚሰጠው ኤልኤች የተባለው ሆርሞን በጊዜው ከፍ እንዳይል ያፍነዋል። ይህ ያልታየበት መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.8 ሚሊግራም ነበር። ይህ ለ100 ተካፈለ፤ በ10 የተካፈለው ሰው ከአይጥ ይልቅ ስስ ሊሆን ስለሚችል ነው፣ እንደገና በ10 የተካፈለው ደግሞ ሰውና ሰው ስለሚለያይ። ተጠጋግቶ 0.02 ሚሊግራም በኪሎ ሆነ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 1.2 ሚሊግራም ይችላል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ 20 በመቶው ብቻ በውሃ በኩል ይግባ ተባለ፤ 0.24 ሚሊግራም። ሰውየው በቀን 2 ሊትር ይጠጣል ከተባለ በሊትር 0.12 ይደርሰዋል፤ ይህ ተጠጋግቶ 0.1 ሚሊግራም፣ ማለትም 100 ማይክሮግራም ሆነ።

የአውሮፓው 0.1 ስለ አትራዚን ምንም አይናገርም። ከጥቂቶች በስተቀር ለማንኛውም ፀረ ተባይና ፀረ አረም የሚሠራ አንድ ቁጥር ነው፤ ሁሉም ተደምረው ደግሞ ከ0.5 መብለጥ የለባቸውም። በ1980 እ.ኤ.አ. በወጣው መመሪያ የተቀመጠው «እነዚህ ነገሮች ውሃ ውስጥ ጨርሶ መገኘት የለባቸውም» ከሚል አቋም ነው። ስለዚህ የአቋም ቁጥር እንበለው፤ ውሃዎ 0.2 ቢያሳይ ምንጩ በእርሻ ኬሚካል ተነክቷል ማለት ነው እንጂ ጠጪው ተመርዟል ማለት አይደለም።

የአሜሪካው ሕግ ደግሞ ሁለት ቁጥር ያስቀምጣል። አንዱ በጤና ረገድ የሚመኙት ግብ ነው፤ ሌላው ውሃ አቅራቢው የሚገደድበት ወሰን። ለአትራዚን ሁለቱም 3 ናቸው። ፕላስቲክን ለማለስለስ ለሚጨመረው ዲኢኤችፒ ግን ግቡ ዜሮ፣ ወሰኑ 6 ማይክሮግራም ነው። ፒኤፍኦኤና ፒኤፍኦኤስ ለተባሉት ሁለት የፒፋስ (ፍሎሪን ያለባቸውና በቀላሉ የማይፈርሱ ሰው ሠራሽ ነገሮች) ቤተሰብ ኬሚካሎች በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ግብ ዜሮ፣ ወሰኑ ለእያንዳንዳቸው 4 ናኖግራም ነው። ለምን 4? ላቦራቶሪዎች በእርግጠኝነት ሊለኩ የሚችሉት ትንሹ መጠን እሱ ስለሆነ ነው። ወሰኑ የቆመው መለኪያው በቆመበት ቦታ ላይ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያሳስተው «በውሃ በኩል የሚገባው ድርሻ» የሚለው መቶኛ ነው። ዲኢኤችፒን እንመልከት፦ የሚፈቀደው ዕለታዊ መጠን በኪሎ 25 ማይክሮግራም፣ ክብደት 60 ኪሎ፣ ውሃ 2 ሊትር። የዓለም ጤና ድርጅት አብዛኛው ዲኢኤችፒ የሚገባው በምግብ ስለሆነ ለውሃ 1 በመቶ ብቻ ሰጠው፤ 7.5 ወጣ፣ ተጠጋግቶ 8 ማይክሮግራም በሊትር ተባለ። እንደ አትራዚኑ 20 በመቶ ቢሰጠው ኖሮ ወሰኑ 150 ይሆን ነበር። ኬሚካሉ ያው፣ አይጡም ያው፤ የተለወጠው አንዲት መቶኛ ናት። እንግዲህ ወሰን ባዩ ቁጥር የማን ክብደት፣ ስንት ሊትር፣ ስንት በመቶ ብለው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቤቴን ውሃ አስመርምሬ ይህ ውጤት መጣልኝ፦ ፒኤፍኦኤስ «ከ10 ናኖግራም በታች»፣ ፒኤፍኦኤ 6.2 ናኖግራም፣ ዲኢኤችፒ 7.1 ማይክሮግራም። ናሙናውን የወሰድኩት በታጠበ የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ልደንግጥ?

አይደንግጡ፤ ግን ሦስቱን መስመሮች ለየብቻ ያንብቧቸው።

«ከ10 በታች» የሚለው «የለም» ማለት አይደለም። የላቦራቶሪው ዘዴ ከ10 በታች ያለውን መጠን አይዘግብም ማለት ነው፤ ውሃው ውስጥ 0 ሊሆን ይችላል፣ 9ም ሊሆን ይችላል። ከ4 ወሰን ጋር ለማነጻጸር 10 ድረስ ብቻ የሚለካ ምርመራ ውሃ የማያነሳ ማስረጃ ነው። ዳግም ሲያስመረምሩ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት «የምትዘግቡት ትንሹ መጠን ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ ከወሰኑ ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል።

የፒኤፍኦኤው 6.2 ከአሜሪካው 4 ይበልጣል። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ 20 የፒፋስ ዓይነቶችን ደምሮ 100 ናኖግራም ይላል፤ በዚያ ሚዛን ሩቅ ነዎት። ዴንማርክ በበኩሏ አራቱን ዋና ዋናዎች ደምራ 2 ናኖግራም ብላለች፤ በዚያ ሚዛን ደግሞ አልፈዋል። በአሜሪካውም ሕግ ቢሆን አቅራቢው ወሰን ጣሰ የሚባለው በአንድ ናሙና ሳይሆን በተከታታይ ሩብ ዓመቶች አማካይ ነው። ምክንያቱ ኬሚካሉ ራሱ ነው፤ ፒኤፍኦኤ ከሰውነት ለመውጣት ዓመታት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ የሚጎዳው የአንድ ቀን ብርጭቆ ሳይሆን ለረጅም ጊዜ የተጠጣው አማካይ ነው። ምክራችን፦ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ያስመርምሩ። እስከዚያው ለመጠጥና ለማብሰያ የሚሆነውን ውሃ ብቻ ማጣራት ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ አይደለም።

ሦስተኛውን መስመር ግን እንዳለ አንቀበለውም። 7.1 ማይክሮግራም ከአሜሪካው 6 በላይ፣ ከዓለም ጤና ድርጅቱ 8 በታች ነው፤ ነገር ግን ዲኢኤችፒ ከክዳኑ ሽፋን፣ ከለበሱት ጓንት፣ ውሃው ካለፈበት ለስላሳ ጎማ ሁሉ የሚመጣ ነገር ነው። የለኩት ውሃውን ይሁን ዕቃውን አይታወቅም። ከናሙናው ጎን ለጎን የተጓዘ ባዶ መቆጣጠሪያ ናሙና ከሌለ ይህ ቁጥር ይሰረዝና ምርመራው ይደገም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ናሙና በትክክል እንዴት ይወሰዳል?

በመጀመሪያ የትኛውን ጥያቄ እንደሚጠይቁ ይወስኑ። የቤትዎ ቧንቧና ማጠራቀሚያ ምን እንደሚጨምር ማወቅ ከፈለጉ፣ ውሃው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነካ ከቆየ በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያ ውሃ ይውሰዱ። ከአቅራቢው የሚመጣውን ማወቅ ከፈለጉ የቀዝቃዛውን ውሃ ቧንቧ ከፍተው 5 ደቂቃ ያህል፣ የውሃው ቅዝቃዜ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ያፍስሱ፤ ከዚያ ይቅዱ። ሁለቱንም ወስዶ ማነጻጸር ከሁሉ ይሻላል። የመጀመሪያው ከፍ፣ ሁለተኛው ዝቅ ካለ ችግሩ ግቢዎ ውስጥ ነው። በቧንቧው አፍ ላይ ያለችውን ወንፊት ይፍቱ፤ በጎማ በኩል አይቅዱ።

አሁን የሚያምታታው ክፍል መጣ፤ ለሁለቱ ኬሚካሎች የሚሆነው ዕቃ ተቃራኒ ነው። ለፍታሌቶች፣ ማለትም ለእነ ዲኢኤችፒ፣ ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ ያስፈልጋል፤ መጠኑ ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር፣ የክዳኑ የውስጥ ሽፋን ደግሞ ቴፍሎን። ለፒፋስ ግን ቴፍሎን ጨርሶ አይጠጋም፤ ራሱ ከዚያው ቤተሰብ የወጣ ነውና። መስታወትም አይሆንም፤ ፒፋስ ግድግዳው ላይ ይለጠፍና መጠኑን አሳንሶ ያሳያል። 250 ሚሊሊትር የሚይዝ የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ ከላቦራቶሪው ይቀበሉ። «ሁሉንም በአንድ ጠርሙስ አምጡ» የሚል ላቦራቶሪ ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

ጠርሙሱን አያለቅልቁት፤ በውስጡ ያለው ነጭ ዱቄት ክሎሪንን የሚያመክን መከላከያ እንጂ ቆሻሻ አይደለም። እስኪፈስ ድረስም አይሙሉት። የናይትራይል ጓንት ያድርጉ፤ የቪኒል ጓንት በፍታሌት የለሰለሰ ነው። የእጅ ቅባትና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ለፒፋስ ናሙና ጠላት ናቸው። ላቦራቶሪው በንጹሕ ውሃ የተሞላ ጠርሙስና አንድ ባዶ ጠርሙስ ይላክልዎ፤ ናሙና በሚወስዱበት ቦታ ንጹሑን ወደ ባዶው ይገልብጡና አብረው ይላኩት። እሱ ላይ ኬሚካል ከተገኘ ብክለቱ የመጣው ከአሠራሩ ነው። በበረዶ ያሽጉት፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ የለበትም።

ጥያቄ፦ ማፍላት አይበቃም?

ለጀርም ይበቃል። ለእነዚህ ግን አይሠራም፤ እንዲያውም ያብሳል። ፒፋስ፣ ፐርክሎሬት (የታይሮይድ ዕጢን የሚያውክ ጨው) እና ሌሎች የማይተኑ ኬሚካሎች ከእንፋሎቱ ጋር አይወጡም። 5 ሊትር ውሃ ፈልቶ 4 ሊትር ሲቀር ኬሚካሉ ሁሉ በ4ቱ ውስጥ ይቀራል፤ ክምችቱ በ25 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ውሃዎ የጀርም ስጋት ካለበት ማፍላቱን አይተዉ፤ ከፈላ በኋላ በደንብ አብርደው ያጣሩት። ሙቅ ውሃ በካርቦን ፊልተር ውስጥ ማሳለፍ ፊልተሩ የያዘውን መልሶ እንዲለቅ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ፊልተር ሻጩ በቲዲኤስ መለኪያ ውሃዬን ለክቶ 250 አሳየኝ፤ በእሱ መሣሪያ ካለፈ በኋላ 20 ሆነ። «ሆርሞን የሚያዛባው ሁሉ ወጣ» አለኝ። ልግዛ?

መሣሪያው መጥፎ ላይሆን ይችላል፤ ማስረጃው ግን ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። የቲዲኤስ መለኪያ የሚያየው ውሃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙን ነው፤ ያንን አቅም የሚሰጡት ካልሲየም፣ ሶዲየምና መሰል ጨዎች ናቸው። የሚያሳየውም በሚሊግራም ነው። ፒፋስን የምንለካው በናኖግራም ነው፤ መካከላቸው ሚሊዮን እጥፍ ርቀት አለ። ቢስፌኖል ኤ (ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል)፣ ዲኢኤችፒና ኢስትራዲዮል (ዋናው የተፈጥሮ የሴት ሆርሞን) ደግሞ በተራ ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅም ያላቸው አይደሉም። 20 የሚል ውሃ በፒፋስ የተሞላ፣ 400 የሚል ውሃ ደግሞ ከነጭራሹ የሌለበት ሊሆን ይችላል።

ሻጩን የሚጠይቁት የምስክር ወረቀት ነው። ኤንኤስኤፍ/አንሲ የሚባሉት የአሜሪካ የውሃ ማጣሪያ ደረጃዎች በቁጥር ይለያሉ። 42 የሚለው ለጣዕምና ለክሎሪን ሽታ ብቻ ነው፤ «ደረጃውን የጠበቀ» ተብሎ ሲሸጥ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። 53 ጤና ነክ ለሆኑ በካይ ነገሮች ነው፤ አትራዚን እዚህ ውስጥ አለ፣ ፒኤፍኦኤና ፒኤፍኦኤስም ይገባሉ። 58 ለሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ማለትም ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን (ሜምብሬን) ለሚያሳልፉ መሣሪያዎች ነው። 401 ደግሞ በ15 አዳዲስ በካዮች ላይ ይፈትናል፤ ቢስፌኖል ኤ፣ ኖኒልፌኖልና ኢስትሮን ከነሱ መካከል ናቸው። አምራቹ በአንዱ ደረጃ ሥር የሚያስመሰክረው የመረጠውን ኬሚካል ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ የደረጃው ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የርስዎ ኬሚካል ስም በስም መጻፉን፣ ሲገባና ሲወጣ የነበረው መጠንም መመዝገቡን ይዩ።

ከአሠራር አንጻር ሁለት አማራጭ አለዎት። አክቲቬትድ ካርቦን (ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ከሰል) ለቢስፌኖል ኤ፣ ለኢስትሮጅኖች (ለሴት ሆርሞኖች)፣ ለአትራዚንና ረጅም ሰንሰለት ላላቸው ፒፋሶች፣ ለእነ ፒኤፍኦኤና ፒኤፍኦኤስ፣ ጥሩ ነው። አጭር ሰንሰለት ያላቸው ፒፋሶች ግን ቶሎ ያልፉታል፤ ፐርክሎሬትንም ተራ ካርቦን በቅጡ አይዝም። ካርቦን የሚሠራው በመያዝ ስለሆነ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቧንቧው ላይ የሚሰካ ትንሽ ፊልተር ውስጥ ውሃው እየተንደረደረ ካለፈ የሚያዘው ጥቂት ነው። ቀስ አድርገው ይክፈቱት።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ሁሉንም ይቀንሳል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። ከ3 ባር በታች ግፊት ባለበት ቤት ያለ ፓምፕ ይዳከማል፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ እንደ መሣሪያው ከአንድ እስከ አራት ሊትር ይደፋል። ክሎሪን ሜምብሬኑን ይበላዋል፤ ስለዚህ ከፊቱ ያለው ካርቦን በየ6 እስከ 12 ወሩ ካልተቀየረ ውዱ ክፍል ቀድሞ ይሞታል። የቲዲኤስ መለኪያው ቦታም እዚህ ነው። ገቢው 250፣ ወጪው 20 ከሆነ ሜምብሬኑ 92 በመቶ እየጣለ ነው፤ ከ80 በታች ሲወርድ ሜምብሬኑ አርጅቷል ወይም የጎማ ማሸጊያው አፈንግጧል። ቆሞ ካደረ በኋላ የሚወጣው የመጀመሪያው ውሃ ሁልጊዜ ከፍ ያለ ስለሚያሳይ ጥቂት ደቂቃ ካፈሰሱ በኋላ ይለኩ።

ለገላና ለልብስ የሚሆነውን ውሃ ሁሉ ማጣራት አያስፈልግም። ፒፋስ በቆዳ በኩል የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ የወጥ ቤቱ አንድ ቧንቧ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ውሃ የምናስቀምጠው ግልጽና ጠንካራ በሆነ ትልቅ የፕላስቲክ ማሰሮ ነው። «ቢስፌኖል ኤ አለበት፣ ጣሉት» አሉን። ወሰኑስ ስንት ነው?

ከሥሩ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 7 ቁጥር ካለና ዕቃው እንደ መስታወት ግልጽና ጠንካራ ከሆነ ፖሊካርቦኔት ሳይሆን አይቀርም፤ ፖሊካርቦኔት ደግሞ ከቢስፌኖል ኤ የሚሠራ ነው። 7 «ሌሎች» ለሚባሉት ሁሉ የሚሰጥ ቁጥር ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን አይፈርድም። 1፣ 2 እና 5 የሚሉት ከቢስፌኖል ኤ የተሠሩ አይደሉም።

ወሰኑ ላይ አሁን ትልቅ ጠብ አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመጠጥ ውሃ መመሪያ 2.5 ማይክሮግራም በሊትር ብሏል። ከሦስት ዓመት በኋላ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን የሚፈቀደውን ዕለታዊ መጠን ከ4 ማይክሮግራም በኪሎ ወደ 0.2 ናኖግራም በኪሎ አወረደው፤ 20,000 እጥፍ ቅነሳ ነው። በዚህ ስሌት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከሁሉም ምንጭ በቀን የሚችለው 12 ናኖግራም ሲሆን፣ ልክ በውሃው ወሰን ላይ ያለ 2 ሊትር ግን 5,000 ናኖግራም ይሰጠዋል። የጀርመኑ የአደጋ ግምገማ ተቋም በቅነሳው አልተስማማም፤ እሱ ያስቀመጠው 200 ናኖግራም በኪሎ ነው፤ ይህም ለዚያው ሰው በቀን 12,000 ማለት ነው። ስለዚህ የ2.5ቱ ወሰን በአንዱ ሚዛን አራት መቶ እጥፍ የበዛ ነው፣ በሌላው ደግሞ ግማሽ የማይሞላ። ሁለቱ ቢለያዩም ሕግ አውጪው ወደ ጥንቃቄው አዘንብሏል፤ ኅብረቱ በ2024 መጨረሻ ቢስፌኖል ኤ ምግብ በሚነኩ ዕቃዎች ውስጥ እንዳይገባ ደንግጓል።

እኛ የምንለው፦ ማሰሮው ካልተጫረና ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ የሚይዝ ከሆነ ዛሬውኑ መጣል የለበትም፤ ሲያረጅ ግን በሌላ ይተኩት። ኬሚካሉን የሚያስለቅቁት ሙቀት፣ ፀሐይና ሻካራ ማጠቢያ ናቸው። በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት የፈላ ውሃ የተደረገባቸው የፖሊካርቦኔት ጠርሙሶች ከቀዝቃዛው ጊዜ እስከ 55 እጥፍ ፈጥነው ለቀዋል። ጥሩው ነገር ቢስፌኖል ኤ ከሰውነት በሰዓታት ውስጥ በሽንት መውጣቱ ነው፤ ዕቃውን ሲቀይሩ ውጤቱ ሳይውል ሳያድር ይመጣል። የሚተካው ዕቃ ላይ «ቢስፌኖል ኤ የሌለበት» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይመኑ፤ አንዳንዴ የተተካው በቅርብ ዘመዱ በቢስፌኖል ኤስ ነው። መስታወትና አይዝጌ ብረት ይህ ጣጣ የለባቸውም።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ልጄ የዱቄት ወተት ነው የምትጠጣው። ለትልቅ ሰው የተቀመጠው ወሰን ለእሷም ይሆናል?

ለክብደቷ ሲታይ እሷ ከእርስዎ ይልቅ ብዙ ትጠጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለትልቅ ሰው 60 ኪሎና 2 ሊትር፣ ለጨቅላ 5 ኪሎና 0.75 ሊትር ይይዛል። እርስዎ በኪሎ 33 ሚሊሊትር ገደማ፣ እሷ 150። አራት እጥፍ ተኩል ነው። ስለዚህ በትልቅ ሰው ሂሳብ የወጣን ወሰን ለ4.5 አካፍለው ይዩት፤ የዲኢኤችፒው 8 ለእሷ 1.8 ገደማ ይሆናል። ሕጋዊ ወሰን አይደለም፤ ፊልተር ያስፈልጋል አያስፈልግም ለማለት ግን ጥሩ መመዘኛ ነው።

በዚህ ዕድሜ በተለይ የምናስበው ስለ ታይሮይድ ነው፤ የአንጎል ዕድገት በታይሮይድ ሆርሞን ላይ የቆመ ነውና። ፐርክሎሬት ዕጢው አዮዲን የሚያስገባበትን በር ይዘጋል። ናይትሬትም ያንኑ በር ይሻማል፣ ኃይሉ ግን እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለፐርክሎሬት 70 ማይክሮግራም ሲል፣ የካሊፎርኒያ ግዛት 6፣ ማሳቹሴትስ 2 ብለዋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በቂ አዮዲን ካገኘች የፐርክሎሬቱ ጉልበት ይቀንሳል፤ ይህን ከሐኪም ጋር ይነጋገሩበት።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የፐርክሎሬት ምንጭ ደግሞ በረኪና ነው። በረኪና ሲቆይ፣ በተለይ በሙቀት ውስጥ፣ ራሱ እየፈረሰ ክሎሬትና ፐርክሎሬት ይፈጥራል። የውሃ ማጠራቀሚያ ለማከም ወራት ያስቆጠረ፣ ፀሐይ የመታው በረኪና አይጠቀሙ። የተመረተበትን ቀን አይተው ትኩሱን፣ ሽቶ ያልተጨመረበትን ይግዙ፤ በጨለማና በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡ። አርጅቷል ብለው መጠኑን አብዝተው መጨመር ደግሞ ፐርክሎሬቱን አብሮ ማብዛት ነው።

ጥያቄ፦ ከእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚመጣ ሆርሞን በቧንቧ ውሃ በኩል ወንዶችን ያመክናል ይባላል። እውነት ነው?

በመጠጥ ውሃ በኩል ለዚህ የሚበቃ መጠን አይደርስዎትም። የአውሮፓ ኅብረት ክትትል እንዲደረግበት ለኢስትራዲዮል ያስቀመጠው መጠን 1 ናኖግራም በሊትር ነው፤ 2 ሊትር ቢጠጡ 2 ናኖግራም። የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት የጋራ የባለሙያዎች ኮሚቴ ለኢስትራዲዮል የፈቀደው ዕለታዊ መጠን በኪሎ እስከ 50 ናኖግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 3,000። ጉዳቱ እውነት የሆነው በዓሣ ላይ ነው። በካናዳ አንድ ሐይቅ ውስጥ ተመራማሪዎች ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የእንክብሉን ሰው ሠራሽ ኢስትሮጅን ከ5 እስከ 6 ናኖግራም በሊትር ሲጨምሩ ወንዶቹ ዓሦች የእንስት ባሕርይ አመጡ፤ አንድ ትንሽ የዓሣ ዝርያም ከሐይቁ ሊጠፋ ደረሰ። ዓሣ ቀንና ሌሊት በስንጥቡ የሚተነፍሰው ያንኑ ውሃ ነው። የተረፈ መድኃኒት መጸዳጃ ቤት ውስጥ አይድፉ የምንለውም ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ የካርቦን ፊልተሬ መሙላቱን በምን አውቃለሁ? የክሎሪን ሽታ እስኪመለስ ብጠብቅስ?

ሽታውን ከጠበቁ ዘግይተዋል። ካርቦን ክሎሪንን የሚያጠፋው ይዞ በማስቀረት ሳይሆን ገጹ ላይ በኬሚካላዊ ለውጥ ወደ ሌላ ነገር በመለወጥ ስለሆነ፣ ይህ ችሎታው ፒፋስ መያዝ ካቆመ ከብዙ ጊዜ በኋላም ይቀጥላል። ውሃው ሽታ የለውም፣ ጣዕሙም ያማረ ነው፤ ፊልተሩ ግን ሞልቷል። ከዚህ የባሰውም አለ። የሞላ ካርቦን ይበልጥ የሚጣበቅ ኬሚካል ሲመጣለት ቀድሞ የያዘውን ይለቃል፤ የሚወጣው ውሃ ከሚገባው የባሰበት ጊዜ ይኖራል።

ስለዚህ በሊትር ይቁጠሩ። ካርትሪጁ 400 ሊትር የሚል ከሆነና ቤተሰቡ በቀን 10 ሊትር የሚያጣራ ከሆነ 40 ቀን ነው፤ «6 ወር» የሚለውን የማሸጊያ ጽሑፍ ይተዉት። የቀየሩበትን ቀን በፊልተሩ ላይ በማርከር ይጻፉ። አዲሱን ሲገጥሙ ጥቁሩ ብናኝ እስኪጠራ መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ ይድፉ። ከቤት ርቀው ሰንብተው ሲመለሱም ጥቂት ደቂቃ ያፍስሱ፤ ክሎሪኑን ያጣ ውሃ ውስጥ ባክቴሪያ ካርቦኑ ላይ ይራባል። ኬሚካሉ የተረጋገጠበት ውሃ ከሆነ ደግሞ ካርትሪጁ ሦስት አራተኛ ዕድሜው ላይ ሲደርስ ከፊልተሩ በኋላ አንድ ናሙና ያስመርምሩ፤ ከዚያ ወዲያ በስንት ሊትር እንደሚቀይሩት ማሸጊያው ሳይሆን የራስዎ ውሃ ይነግርዎታል።